አለሙ የማይቆጥሯቸው ቀናት

ሕሊና ከሆሳዕና መጥታ ደብረ ታቦር ማስተማር ከጀመረች አራተኛ ዓመቷ ነው። ጎረቤቶቿ «ደህና አደሩ» ይሏታል፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ታልፋለች፤ ጨዋታው እዚያው ላይ ያበቃል። ምሳዋን ብቻዋን ትበላለች። ብቸኝነት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። እሷ ግን «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ትላለች።

ሥራስ አላት፣ አይካድም። የጭቃ ጡብ ጥንካሬ ታጠናለች። አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ብዙ ቀን በቆየ ቁጥር ጡቡ ይጠነክራል፤ ጥያቄው በምን ልክ ነው የሚለው ነው። ለዚህ ሁለት ቀመሮች ይፎካከራሉ። አንደኛው የቆየው ነው፤ ሁለት ቁጥር ብቻ ይበቃዋል፣ በወረቀት ላይ ሲሣልም መስመሩ ቀስ እያለ ይወጣል። ሌላው የራሷ የሕሊና ነው፤ ሰባት ቁጥር ይፈልጋል፣ መስመሩም መሃል መሃል ላይ ያብጣል። ሰባት ቁጥር የተሰጠው ቀመር ከተለኩት ነጥቦች የትኛውን ይስታል? ስለዚህ የምታወዳድራቸው ለእያንዳንዱ ትርፍ ቁጥር ቅጣት በሚጥል የስታቲስቲክስ ስሌት ነው። ተቀጥቶም የሷው ያሸንፍ ነበር። የሦስት ዓመት ልፋቷና የዶክትሬት ጽሑፏ የቆሙት በዚያ እብጠት ላይ ነው።

ጡቡን የሚሠሩላት ከከተማው ዳር በገሳይ መውጫ ያሉት ጋሽ አለሙ ናቸው። ወር በገባ በሁለት ጭቃውን ያቦካሉ፤ ከዚያ በተለያየ ቀን ከጭቃው እየቀነሱ ጡብ ይሠራሉ፤ ጭቃው የቆየበትን ቀን በከሰል ጽፈው በባጃጅ ይልካሉ። በዓል በመጣ ቁጥር «አስተማሪ፣ ዛሬስ ቤት ይምጡ እንጂ» ብለው ይደውላሉ። ሄዳ አታውቅም።

ባለፈው ወር ጡቡ ሲዘገይባት ራሷ ሄደች። ቀኑ አሥራ ሁለት ነበር። ጋሽ አለሙ ነጭ ለብሰው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«የአሥር ቀኑ ጡብ ደረሰ?» አለቻቸው።

«የምን አሥር! ጭቃው ገና ስድስት ቀኑ ነው።»

«በሁለት አላቦኩትም እንዴ?»

«በሁለት ነዋ። አቦ አለ፣ ሥላሴ አለ፣ እሑድ አለ፣ ዛሬ ደግሞ ሚካኤል ነው። ሥራ ያልተሠራበትን ቀን ማን ይቆጥራል?»

ሕሊና ክው አለች። ለካ ሰውየው ሲያርፉ ጭቃው አላረፈም፤ በዓሉንም ሰንበቱንም ሲብላላ ኖሯል።

«ይግቡ እንጂ፣ ዝክሩን ይቅመሱ» አሏት። ሥራ አለብኝ ብላ ተመለሰች። አሁን እንኳ!

ካላንደሩን ከግድግዳ አውርዳ ያልተቆጠሩትን በዓላትና እሑዶች እየደመረች የእያንዳንዱን ጡብ ቀን አረመች፤ ስሌቱንም እንደገና ሠራችው። ነጥቦቹ በአሮጌው መስመር ላይ እርግት ብለው ተሰለፉ። እብጠቱ ጠፋ። ባለሁለት ቁጥሩ ቀመር በሰፊ ልዩነት አሸነፈ፤ የሷው ቅጣቱን ታቅፎ ቀረ።

የምትነግረው ሰው ፈልጋ ስልኳን ከፈተች። ደውሎላት የነበረ ሰው ጋሽ አለሙ ብቻ ናቸው፤ አቦ ዕለት፣ ሥላሴ ዕለት፣ ሚካኤል ዕለት። ቀና ብላ ግድግዳው ላይ የለጠፈችውን የድሮ ቀመሯን መስመር ሥዕል አየች። ሦስት ዓመት ሙሉ የጭዱ ባሕርይ ነው ስትል የኖረችው እብጠት፣ ተጠርታ ያልሄደችባቸው ቀናት ነበሩ።