ላሟ የሌለችበት ገጽ

መጋቢት 11 ቀን፣ ማክሰኞ። በደብተሩ ሠላሳ አምስተኛ መስመር ላይ የልጅ ስም ተጽፏል፤ ከስሙ ፊት ያለው ሳጥን ባዶ ነው። ከዚያ በታች ሃያ ሦስት ስሞች ይቀራሉ። ደብተሩ የታላቅ እህቴ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ለአንደኛ ክፍል ልጆች ንባብ አስተምራለች።

ክፍሏ ሃምሳ ስምንት ልጆችና ስድስት መጽሐፎች ነበሩት። እሷ በእንጨት ታመለክታለች፣ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይጮኻሉ። ከመንገድ ማዶ ያለው ባለሱቅ እንኳ ገጾቹን በቃሉ ይወጣቸው ነበር። «ቲቸር፣ ዛሬ አንድ መስመር ዘላችኋል!» እያለ ይቀልድባት ነበር።

የካቲት አጋማሽ ላይ ከመጽሐፎቹ የአንዱ ገጽ ጥግ ተቀደደ። የላሟ ሥዕል ጠፋ፤ ጽሑፉ ደህና ነበር። እህቴ ጮሌ የምትላትን የክፍሉን ጎበዝ አስነሣች። ልጅቷ ገጹን ገልብጣ ጀርባውን አየች።

«አንብቢ እንጂ።»

«ቲቸር፣ ላሟ ከሌለች እንዴት አነባለሁ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እህቴም ሳቀች። ቤት ገብታ ግን ምሳዋን ሳትነካ አነሣችው።

በማግስቱ በስድስቱም መጽሐፎች ሥዕሎች ላይ ነጭ ወረቀት ለጠፈች። በየእረፍቱ አንድ አንድ ልጅ እየጠራች ታስነብብ፣ ውጤቱንም በደብተሩ ትጽፍ ጀመር። ከጠራቻቸው ሠላሳ አራት ልጆች ያነበቡት አራት ናቸው። ሰኔ ሳይደርስና ሳያነቡ ሁለተኛ ክፍል ሳይገቡ ልትደርስላቸው ፈለገች።

ማክሰኞ፣ ሠላሳ አምስተኛው ልጅ አፉን ሳይከፍት፣ ዳይሬክተሩ አስጠራት። ድሮ ተማሪዋ ነበር፤ ሲቆጣትም አንቱ እያለ ነው።

«ልጆቹን እኮ ዲዳ አደረጓቸው! ሲያነቡ እስከ ቢሮዬ ይሰማ ነበር።»

«ማንበብ አልነበረማ። አሥር አሥር እያደረግሁ ላስተምራቸው፤ የቀሩትን የሚይዝልኝ ሰው ብቻ ስጠኝ።»

«ከየት ላምጣ? እኛስ በዚሁ አይደል የተማርነው?»

«እሱ ነው እኮ የሚያስፈራኝ።»

ሳቀላት፤ ሰው ግን አልሰጣትም። ሐሙስ ተቆጣጣሪዎች ስለሚመጡ ሥዕሎቹ እስከዚያ ይመለሱ አለ።

እኔ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት መዝገብ ያዥ ነኝ። የዚያን ዕለት ማታ፣ «በየዓመቱ ‹ሁሉም ያነባሉ› ብዬ ፈርሜያለሁ። ወረቀቱ አንተ ጋ ነው፤ ፈልገው» አለችኝ። ከቀብሯ በኋላ መዝገብ ቤቱን ፈተሽሁ። ልክ ናት፤ ከአንዱ በቀር ሁሉም አሉ። የጎደለውን እስካሁን አላገኘሁትም።

ሐሙስ ሊነጋ ሲል ልቧ ከዳት፤ አረፈች። ጉብኝቱ አልተሰረዘም። የጎረቤት ክፍል መምህርት ልጆቹን ይዛ ገባች፤ የላሟን ገጽ በአንድ ድምፅ አወረዱት። «ሃምሳ ስምንቱም ያነባሉ» ተብሎ ተጻፈ። ወረቀቱን ተቀብዬ በቦታው ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ።

በዋዜማው፣ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዳ ነበር፤ የለጠፈችው ነጭ ወረቀት ሥዕሎቹን ሳይቀድ የሚላቀቅ አልነበረም። ከጎረቤት ክፍል በተዋሰችው መጽሐፍ ላሟን ጨምሮ የመጽሐፉን አሥራ አንድ ሥዕሎች ስድስት ስድስት በቀለም አስነሣች። ባለማሽኑ ለቅሶ ላይ እንደነገረኝ፣ «ጽሑፉንስ፣ እናቴ?» ቢላት፣ «እሱ ይቅር፤ ሥዕሉ ይበቃቸዋል» አለችው። ክፍሏ ተመልሳ በመቀስ እየቆረጠች በነጩ ወረቀት ላይ በየቦታቸው ለጠፈች። ማጣበቂያው እስኪደርቅ ጠበቀች። መጽሐፎቹን ቁም ሣጥን ውስጥ ደርድራ ቆለፈችና ቁልፉን ለዘበኛው ሰጠች።