የሀዲያ ጀርባና የኩሉ ምልክት

ሀዲያ ወረታ ገበያ ላይ ከአማቷ ከእትዬ ቱርኪያ ጋር ጨርቅ ትሸጣለች። ሁለቱም በዓይን የሚለኩ፣ በስንዝር ለክተው የሚቀድዱ ናቸው። ዘንድሮ ግን ከአከርካሪዋ ጎን ዕጢ ወጣባትና ቀኝ እግሯ ይደነዝዝ ጀመር። ሐኪሞቹም፣ «በጨረር ካልጠፋ መራመድሽ ያከትማል» አሏት።

ጨረሩ ብርቱ ነው፤ የሚሰጣትም በጥቂት ቀን ብቻ። ልኬቱን የሚቆጣጠረው ይሄይስ የሚባል ባለሙያ አስቀድሞ ውኃ በሞላ የፕላስቲክ ሣጥን ላይ ጨረሩን ተኩሶ መጠኑን አረጋገጠ። ከዚያ ጀርባዋ ላይ በቀለም የመደመር ምልክት ሣለባት።

«መጠኑ ልክ ነው። ቦታውን ከሳተ ግን ዕጢውን ትቶ ሰረሰርሽን ነው የሚያቃጥለው። ምልክቱ እንዳይለቅ፣ አደራ!»

እሺ ብላ ለቅዳሜና እሑድ ከሆስፒታሉ አገሯ ወረታ ገባች። ክረምት ነው። የፎገራ ሜዳ ውኃ ተኝቶበት ከሩዙ ጫፉ ብቻ ይታያል። እትዬ ቱርኪያ፣ «ፍል ውኃ እግርሽን ያፍታታዋል» ብለው ወንዛዬ ወሰዷት። ሐሳቧ እስከ ወገቧ ብቻ ልትነከር ነበር። ሙቀቱ ሲጥማት አንገቷ ድረስ ገባች።

አብራ የምትታጠበው ጎረቤታቸው እማዋይሽ ጀርባዋን አይታ ሣቀች። «ሀዲያ፣ ሳንሰማ ክርስትና ተነሣሽ እንዴ? መስቀል አይደል የተሣለብሽ!»

«አንቺ ደግሞ! የጨረሩ ማነጣጠሪያ ነው።»

ስትወጣ ፎጣው ሲነካው ምልክቱ ለቀቀ። ሀዲያ እንባዋ መጣ።

«ምን ያስለቅስሻል ልጄ?» አሉ እትዬ ቱርኪያ። «ከትከሻሽ አንድ ስንዝር ከሦስት ጣት ነበር፤ አይቼዋለሁ።» ኩላቸውን አወጡና መልሰው ሣሉት።

ሰኞ ሀዲያ ከመሣሪያው ሥር ተኛች። ከመተኮሱ በፊት የሚነሣው ምስል ከዕቅዱ ጋር አልገጥም አለ። ይሄይስ ምልክቱን አየ፤ መሣሪያው የሚያበራው የማነጣጠሪያ መስመር ላይ ልክ ተቀምጧል።

«እሷስ ቦታዋ ላይ ናት። የሳተው መሣሪያው መሆን አለበት» አለና አስወጣት።

ኮሪደሩ ተራ በሚጠብቅ ሰው ሞላ። ይሄይስ መሣሪያውን ሊፈትን የውኃ ሣጥኑን ተሸክሞ ገባ፣ ወጣ፣ ደግሞ ገባ። በመጨረሻ፣ «ስሕተቱን እስክናገኝ ማንም አይታከምም፤ ሰዎቹን አሰናብቷቸው» ሲል ሰማች።

አጠገቧ የተቀመጡት ቄስ ኪዳነ ማርያም ጉሮሯቸውን ያዙ። «የኔ ልጅ፣ እኔን እንኳን እህሉ ውኃውም አልወርድ ብሎኛል። መሣሪያው ምን ነካው ትያለሽ?»

ብትናገር የሷ ሕክምና እንደ አዲስ እንደሚጀመር ታውቃለች። ቀኝ እግሯን ቆነጠጠችው። አልተሰማትም።

«መሣሪያውስ ምንም አልሆነም፣ አባ» አለችና እየተጎተተች ይሄይስ ወዳለበት ገባች። «ወንድሜ፣ ይህ ያንተ ምልክት አይደለም። ታጥቤ ለቀቀ። አማቴ ናቸው ኩል አምጥተው የሣሉልኝ።»

ይሄይስ ማስመሪያውን ጀርባዋ ላይ አሳርፎ ከዕቅዱ ጋር አመሳከረ።

«ሁለት ጣት ስቷል። ሰረሰርሽ ላይ ነበር የሚያርፈው። ምስሉም፣ ዕቅዱም፣ ልኬቱም እንደገና ነው። ሳምንት ትጠብቂያለሽ።»

«እግሬስ ሳምንት ይጠብቀኛል?»

«ለእሱ መለኪያ የለኝም፣ እኅቴ።»

ቄሱ ተጠሩ፤ ወፍራሙ በር ከኋላቸው ተዘጋ። ሀዲያ ወረታ ላሉት አማቷ ደወለች። «ልጆቹን ያዙልኝ። መንገዱን ውኃ ከቆረጠው ለቀጠሮዬ ስለማልደርስ እዚሁ እቆያለሁ።»

ከዚያ እግሯ እንዳይተዋት ግድግዳውን ይዛ መራመድ ጀመረች። ኮሪደሩን ጨርሳ ተመለሰች፣ ደግሞ ሄደች። ቀኝ ጫማዋ ወልቆ ኋላ መቅረቱን ያወቀችው አንዲት ሴት አንሥታ ስትጠራት ነው።