የሽንኩርቱ ካቦ

ሰዓዳ፣ እንደማወራው ጻፊው፤ እንዳታሳምሪው።

ቆቦ፣ ነጋዴው ሐጂ ዘንድ ሽንኩርት ስንመርጥ፣ የምታሠራን ካቦአችን አግብታ ዋጃ ሄደች። ሐጂ "ቅዳሜ ሌላ እሾማለሁ" ሲሉ እኔ ነኝ ብዬ ልቤ ቆረጠ። አዲስ ሻሽ ሁሉ ገዝቻለሁ።

በዚህ መሀል አንድ የዩኒቨርሲቲ ልጅ መጣልሽ። የሚማረው፣ ሰው ሥራ ላይ ለምን እንደሚተጋ፣ ለምን እንደሚለግም ነው አለ። ይሄም ትምህርት ሆነና!

"እኔ እንደሌለሁ ቁጠሩኝና ሥሩ" አለን። እንግዳ ቆሞ እያየሽ እንዴት ይሠራል? ጆንያ አንጥፈን አስቀመጥነው። ባዶ እጁን እንዳያፍር ደግሞ ሽንኩርት አስያዝነው። እየመረጠ "ደክሟችኋል? ወገባችሁን አያማችሁም?" ይላል። ሴቱ ሁሉ ሆዱን ዘረገፈለት።

እኔን "እትዬ ዘሀራ፣ ምን ዓይነት ካቦ ይፈልጋሉ?" አለኝ። ለሐጂ ያደርስልኛል ብዬ ራሴን መግለጤ ነው፣ "የማይጮህ፣ ጠይቆ የሚሰማ፣ አብሮ ቁጭ ብሎ የሚሠራ" አልኩት። ሴቶቹም "ወላሂ እውነቷን ነው" አሉ። ደስ አለኝ።

ቅዳሜ ሐጂ መጥተው "ማንን ልሹምላችሁ?" ሲሉ ሁሉም በአንድ አፍ "ይሄን ልጅ" አሉ። እሱም አላንገራገረም፤ "ለጥናቴ ይጠቅመኛል" አለ።

በሻሼ ዓይኔን ስጠርግ አጠገቤ ቁጭ አለ።

"እትዬ ዘሀራ፣ አዲስ ካቦ ሲሾም ምን ተሰማዎት?"

"ሽንኩርቱ ነው የኔ ልጅ፣ ያቃጥላል" አልኩት።

እሱም ይህንኑ ጻፈው።