ሞሚና በዳጉ ያስነገረችው ቃል

ያልተገረዘች ልጅ ማን ያገባታል? ሞሚና ዓሊ መልስ ያጣችለት ጥያቄ ይህ ብቻ ነበር።

ግርዛት እንደሚጎዳ ማንም ሊያስተምራት አላስፈለገም። በአዋሽ ዳር ባለው መንደራቸው ከሃያ ዓመት በላይ ሴቶችን አዋልዳለች። በእነዚያው እጆቿ ሴቶቹን ሕፃናት በተወለዱ በሳምንታቸው ገርዛለች፣ ሰፍታለችም። ያ ስፌት ከዓመታት በኋላ ምጥ ላይ ምን እንደሚያመጣ ከእሷ የበለጠ ያየ ሰው አልነበረም። እናቶቹም ያውቁታል። «እናውቃለን ሞሚና» ይሏታል፣ «ግን ልጄ እቤቴ ተቀምጣ ታርጅ?»

መላው የተገኘው ከራሷ ቤት ነው፤ እንዴት እንደተገኘም ቀስ ብሎ መከተሉ አይከፋም።

ልጇ ሐስና ያገባችው የሞሚናን ወንድም የያዮን ልጅ ሁመድን ነው። በአፋር ወግ አንዲት ልጅ ስትወለድ የሚያገባት ሰው ያን ቀን ይታወቃል፤ የእናቷ ወንድም ልጅ ነው፤ አብሱማዋ ይባላል። ሐስናን በሕፃንነቷ የገረዘቻት እናቷ ሞሚና ራሷ ናት። የመጀመሪያ ምጧ ሁለት ቀን ፈጀ፤ ልጁ ሞቶ ወጣ፤ ሐስናም ሦስት ወር ከምንጣፏ አልተነሣችም። ሞሚና በእነዚያ ወራት ምላጯን መሬት ውስጥ ቀበረች። ይቅርታ የጠየቀቻትም ያኔ ነው።

«አንቺንም የሰፋሽ ሰው ነበረ» አለቻት ሐስና። «አሁን ደግፊኝና ደጅ ልውጣ፤ ጀርባዬ ደርቋል።»

ሐስና ለሁለተኛ ጊዜ ስታረግዝ አስያ የምትባለው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤታቸው ተመላለሰች። በስድስተኛ ወሯ ጤና ጣቢያ ይዛት ሄደች፤ እዚያ ያለችው አዋላጅ ስፌቱን አደንዝዛ ከፈተችላት፤ ወሯም ሲደርስ እዚያው ወለደች። ሞሚና ከጎኗ ቆማ ነበር። ምጡ በጠዋት ጀምሮ ከቀትር በፊት አለቀ። በሕይወቷ እንደዚያ ያለ ምጥ አይታ አታውቅም፤ አዋላጇን «ይኼው ነው? ሌላ የለም?» ብላ ጠየቀቻት ይባላል። የተወለደችው ሴት ናት፤ መዲና አሏት።

በስድስተኛው ቀን የያዮ ሚስት፣ የሐስና አማት ዘህራ ቅቤ ይዛ መጣች። ቅቤውን አስቀመጠችና ወደ ጉዳይዋ ገባች።

«ነገ ሳምንቷ ነው። እጅሽ ሥራውን አልረሳም መቼም?»

«አልረሳም። የከፋውም እሱ ነው።»

«የእኔን ሦስቱንም ሴቶች የገረዝሽው አንቺ ነሽ። ዛሬ የልጅሽ ልጅ ላይ ሲደርስ የጤና ጣቢያው ሻይ ራስሽን አዞረው?»

«ሻያቸውስ ደኅና ነው፤ ስኳር ያበዙበታል እንጂ።»

«ቀልጂ። እኔ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። ይህቺ ልጅ ስታድግ ማን ያገባታል?»

ሞሚና ጣቷን ታጥፍ ጀመር፤ መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን።

«ዘህራ፣ የመዲና አብሱማ ማን ነው?»

«የሐስና ወንድም ልጅ ነዋ። የዳውድ ልጅ፣ ገዓስ።»

«ዳውድ የማን ልጅ ነው?»

«ያንቺ። ምን ነክቶሻል ዛሬ?»

«እንግዲያው ጠያቂዎቹ እኛው፣ የምንጠየቀውም እኛው ነን። አልተገረዘችም ብሎ የሚጠላት ባዕድ ከየት ይመጣል? ወሳጇ የእኔው የልጅ ልጅ ነው።»

ዘህራ ቅቤውን ከፀሐይ ወደ ጥላ አዛወረችው። «ባፍ ሁሉ ነገር ቀላል ነው» አለች። «ዳውድ ወንድ ከሆነ በዳጉ ይናገረዋ።»

ለማሽሟጠጥ ነው ያለችው፤ ግን መክፈቻውን ራሷ ሰጠቻት። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ያየውን ያየ፣ የሰማውን የሰማ ሳይቀንስና ሳይጨምር ይናገራል። ዳጉ ይህ ነው። በዳጉ የዋሸ ጎሣው ይቀጣዋል። በዳጉ የተነገረ ቃል በየግመል መንገዱ ተበትኗልና ተናጋሪው ልመልሰው ቢል እንኳ ከየትኛው ሰው ጆሮ ይለቅመዋል?

ሞሚና ያን ዕለት አላረፈችም። መጀመሪያ ሼህ ኢድሪስ ዘንድ ሄዳ ሃይማኖቱ ግርዛትን ያዛል ወይ ብላ ጠየቀች። «አላዘዘም፤ ሰው ፊትም እናገራለሁ» አሏት። ከዚያ ነገሩ በዳጉ እንዲነገር የጎሣውን ሽማግሌ ሐንፈሬን አስፈቀደች። መጨረሻ ላይ ግመሎቹን ውሃ ሊያጠጣ የመጣውን ልጇን ያዘችው።

«እማ፣ የወንዶች ዳጉ ላይ የሴት ነገር ላንሣ? ይስቁብኛል።»

«ይሳቁ። የእህትህ ልጅ ሞቶ ሲወጣ ግን የሳቀ ሰው አላየሁም።»

ዳውድ ብዙ አንገራገረ። በማግስቱ ግን ሽማግሌውና ሼሁ ባሉበት፣ ከላይኛው ወንዝ ከመጡ ሁለት እንግዶች ጋር ቁጭ አለ። ስለ ዝናቡ ተናገረ፤ ስለ ሣሩ፣ ስለ ጠፋች ግመል፣ ስለ ሰላሙ ተናገረ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራረገ። «የእህቴ ልጅ መዲና ተወልዳለች። አልተገረዘችም፤ አትገረዝም። ልጄ ገዓስ ፈጣሪ እንደፈጠራት ይወስዳታል።» ማንም አልሳቀም። አንደኛው እንግዳ ብቻ፣ «አልተገረዘችም ነው ያልከው?» ብሎ አረጋገጠ፤ እንዳያጎድል።

ዘህራ በዚያው ቀን መጥታ ሕፃኗን ታቀፈቻት። ስለ ሳምንቱ ያነሣችው ነገር አልነበረም።

ቃሉ በተነገረ በአሥራ አንደኛው ቀን ሞሚና ገበያ ላይ አንድ የማታውቀው ጨው ሻጭ አገኘች። ዳጉ ጠየቀችው። ከነገራት መካከል፣ መዲና የምትባል ሕፃን አለመገረዟና ወደፊትም እንደማትገረዝ፣ ዳውድ የሚባል ሰውም ለልጁ እንዲሁ ሊወስዳት ቃል መግባቱ ይገኝበታል። አንድ ቃል አልጎደለም። አያቷ ነኝ አላለችውም፤ እንደ ወጉ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው፤ «ደግ ነው» ብላ ተነሣችና ቤቷ እስክትደርስ አለቀሰች፤ በደስታ።

ከዚያ ወዲህ ሥራዋ ሥርዓት ያዘ። አስያ መንደር ለመንደር ስትዞር ያረገዘችዋን ለሞሚና ትነግራታለች። ሞሚና አስቀድማ የምትጠይቀው ስለ እናቲቱ ጤና ነው፤ ቀጥሎ «ወንድምሽ ማን ነው? ወንድ ልጅ አለው?» ትላለች። የወንድምየው ቤት ሼሁንና ሐንፈሬን ይዛ ትሄዳለች፤ ቃሉ እዚያ ይሰጣል፣ በዳጉ ይወጣል። ሐስና ደግሞ በፊት የተሰፉት ዘንድ ትቀመጣለች። ለማንም ያልተናገሩትን ሕመም ለእሷ ይነግሯታል፤ እጃቸውን ይዛ ጤና ጣቢያ ትወስዳቸዋለች፤ ተራቸው እስኪደርስም አብራቸው ትጠብቃለች።

በሦስት ዓመት ውስጥ ከመዲና ሌላ አሥራ ሰባት ልጆች እንዲህ ተርፈዋል። ለአንዲቷ ግን ሞሚና ዘግይታለች፤ ቤተሰቡ ወንዙን ተሻግሮ አስገርዟታል። የዚያችን ልጅ ቤት በየወሩ ትጎበኛለች፤ ባዶ እጇንም ሄዳ አታውቅም።

ሰው ሲያመሰግናት ምስጋናውን ከእጇ አታቆየውም። ለአስያ እግር፣ ለሼሁ አንደበት፣ ለሐስና ልብ ታከፋፍለዋለች። የዘህራንም ድርሻ አትረሳም፤ «እሷ ባታሽሟጥጠኝ የት አገኘው ነበር?» ትላለች። ዘህራም አትተኛላትም። «ሰው መርቆ ይመሰገናል፤ እኔ ተሳድቤ ተመሰገንኩ።»

ባለፈው ክረምት አስያ ሌላ ጥያቄ አመጣች። «ሞሚና፣ መዲና አድጋ ገዓስን አልፈልግም ብትልስ?» ሞሚና መልስ ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀባት። ከዚያ ሐንፈሬ ዘንድ ሄዳ ቃሉ ላይ ሁለት ነገር ይጨመርልኝ አለች፤ «ካደገች በኋላ» እና «ከፈቀደች»።

«ውሃ ልጠጣ ብሎ የገባ እንግዳ ወተት ጠየቀ አሉ» አሏት ሽማግሌው።

«ወተቱ ካለ መጠየቁ ምን ነውር አለው?»

ሐንፈሬ ሳቁ፤ እሺም እንቢም አላሉም፤ ጎሣው ሲሰበሰብ አንሽው ብለዋታል። ስብሰባው ከአንድ ወር በኋላ ነው። ሞሚና እስከዚያ ድረስ ቃሉን የሰጡትን አሥራ ስምንት አባቶች፣ ዳውድንም ጨምሮ፣ በየቤታቸውና በየግመላቸው እየዞረች ታነጋግራለች። እስካሁን አምስቱ እሺ ብለዋል። ዳውድ ገና ነው። ዛሬ ጠዋት ዘህራን አስከትላ ወደ እሱ ሰፈር ወጥታለች፤ ማሽሟጠጡን ለዘህራ ትታ።