ገጣባ ያለበት ፈረስ አይገባም

ፈረሴ ተወዳድሮ አያውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው መጨረሻ ላይ ሽልማት የሚጠብቅ ሰው እንዳያዝንብኝ ነው። ሁለት ዓመት በተከታታይ ጃን ሜዳ ወሰድኩት፤ ሁለቱንም ጊዜ ከመግቢያው ተመለሰ። የመጀመሪያው መመለስ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በሁለተኛው እኮራለሁ።

ጊዜው ጣሊያን ሳይገባ ነው። ዛሬ ፒያሳ የሚሉት ሰፈር ያኔ አራዳ ብቻ ነበር። ሱቄ ከገበያው ወደ እሪ በከንቱ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነበረች፤ ሱቅ አልኳት እንጂ አንድ በርና አንድ መደብ ናት። ኮርቻ እሰፋለሁ፣ ልጓም እሠራለሁ። በከተማው ስሙ የሚጠራ ሰው ሁሉ እኔ በሰፋሁት ላይ ይቀመጥ ነበር። ሲቀመጥ ግን የሰፋለትን ሰው ፋቂ ይለዋል። ቆዳ የነካ እጅ ያስጠላቸዋል፤ ቆዳው ላይ መቀመጥ አያስጠላቸውም።

ፈረሱን የገዛሁት ቆዳ ከሚያመጣልኝ የወሎ ነጋዴ ነው፤ ጎረቤቴም ነበር። ዳማ ፈረስ ነው፣ ቀላ ያለ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፤ አንገቱ ረጅም፣ እግሩ ቀጥ ያለ። ታዲያ እንዲህ ያለውን እንዴት በርካሽ አገኘኸው ብትሉ፣ ጀርባው ነው። ከወሎ አራዳ ጭነት ሲያመላልስ ኖሮ ገጣባ በልቶታል። ትከሻው አጠገብ መዳፍ የሚያህል ቁስል ነበረው፤ ዝንብ አይለየውም።

«ወንድሜ፣ ይኼ ለጅብ የቀረበ ነው» አለኝ ነጋዴው። ሐቀኛ ሰው ነበር።

«ጅቡ ቀርቶ እኔ ልሞክረው» አልኩት።

አራት ወር ሙሉ ጀርባው ላይ ጨርቅ እንኳ አላሳረፍኩም። ቁስሉን ጠዋት ማታ በሞቀ የጨው ውሃ አጠብኩ፣ ቅቤ ቀባሁ። ሲደርቅለት ለእሱ ጀርባ ብቻ የተለካ ኮርቻ ሰፋሁ፤ ገጣባው በነበረበት ቦታ ምንም እንዳያርፍበት ውስጡን ጎድጎድ አድርጌ። ዳነ። ጠጉሩ ግን ቦታው ላይ ነጭ ሆኖ በቀለ። ገጣባ የዳነበት ሁሉ እንዲያ ነው።

በዚያን ዘመን ፈረስ ያለው ሰው የፈረስ ስም አለው። መኳንንቱ በፈረሳቸው ስም አባ እንትና፣ አባ እንትና ይባላሉ። እኔ ፈረሴ ላይ ሆኜ ዳገቱን ስወጣ የአራዳ ሥራ ፈት ከየበሩ አንገቱን ያወጣና፣ «እንደምን አደሩ፣ አባ ወስፌ» ይለኛል። ወስፌ ቆዳ የምበሳባት መሣሪያዬ ናት። ያስቃል። በሌላ ሰው ቢሆን እኔም እስቅ ነበር።

አንድ ዓመት የየአውራጃው ፈረስ ተለይቶ የሚታይበት ውድድር ይደረጋል ተባለ። ማን መግባት እንደሚችል ደንብ ተጽፎ ገበያው ዳር ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። አንድ ሰው ቆሞ ጮክ ብሎ ሲያነብ ሰማሁት፦ ፈረሱ እዚሁ አገር የተወለደ ይሁን፤ በአውራጃው አንድ ዓመት መቆየቱን ሁለት ጎረቤት ይመስክርለት። ግማሹን አንብቦ ጉዳዩ ስላልሆነ ሄደ። ለእኔም የሰማሁት በቃኝ።

በቀኑ ወሎዬውንና ሌላ ጎረቤቴን ለምስክርነት ይዤ ፈረሴን አስጊጬ ሄድኩ። መግቢያው ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚመዘግብ ጸሐፊ አለ፤ ጥፍሩን ያሳደገ ቀጭን ሰው። ስሜን ጻፈ። ሥራዬን ጠየቀኝ። ነገርኩት። ብዕሩን አስቀመጠ።

«አይገባም» አለ።

«ምኑ ነው የማይገባው?»

«ደንቡ ይከለክላል። ፋቂ ፈረስ አያስገባም።»

«የት ላይ ነው የሚከለክለው?»

ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረና ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ። «ይኸውልህ። አንብበው።»

ከኋላዬ የተሰለፉት የጌቶች አሽከሮች ሳቁ። «ወስፌህን አውጣና እየበሳህ አንብብ እንጂ» አለ አንዱ። ወሎዬው ክንዴን ይዞ ሳበኝ። ከመዞሬ በፊት ግን ጣቱ ያረፈበትን አየሁ፤ ከላይ ሦስተኛው መስመር ነው። ያን ያዝኩ።

ጊዮርጊስ ቅጥር ሥር ለሰው ማመልከቻ የሚጽፉ አንድ መርጌታ ነበሩ። ፊደል አስቆጥሩኝ አልኳቸው።

«በዚህ ዕድሜህ?» አሉኝ። «ሪዝህ ሸብቷል እኮ።»

«የማነበው በሪዜ አይደለም፣ መርጌታ።»

ለዳዊታቸው ማኅደር ሰፋሁላቸው፤ እሳቸው ክረምቱን ሙሉ አስተማሩኝ። ሰው የሚመስለኝ ፊደል አልነበረም፤ ሁሉም ዕቃ ነበር የሚመስለኝ። መ ሁለት ቀለበት ያለው ልጓም ነው። በ እርካብ ነው። በሥራዬ ስም እየሰጠሁ ያዝኳቸው። አላፊው አግዳሚ ሀ ሁ ስል ሰምቶ ይስቃል፤ ይሳቅ። የሳቀብኝ ሁሉ ያነብ ነበር ማለት አይደለም።

በዓመቱ ደንቡ ዳግመኛ ተለጠፈ፤ ያው የአምናው ነው ተባለ። ጠዋት ሄጄ ግድግዳው ሥር ቆምኩ። አንድ መስመር ለማውጣት ግንባሬን ያልበኝ ነበር። ከላይ እስከ ታች ስለ ሰው ሥራ አንዲት ቃል የለበትም። ሦስተኛው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ለፈረሶች የሚሆን ውሃ ከመግቢያው በስተግራ ይገኛል።»

አምና የተባረርኩት በፈረስ ውሃ ነው።

እዚያው ማቆም ነበረብኝ። ግን ማንበብ ከጀመሩ ዓይን አይመለስም፤ ወረድኩ። አምስተኛው መስመር፦ «በጀርባው ላይ ገጣባ ወይም ገጣባ የተወው ነጭ ምልክት ያለበት ፈረስ የጭነት ከብት ነውና አይገባም።» ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ሦስት ጊዜ ደገምኩት። አልተሳሳትኩም። መርጌታ ደህና አድርገው ነው ያስተማሩኝ።

ሱቄ ውስጥ ለኮርቻ ቆዳ የምቀምመው ቀይ ቀለም ነበር። ከዳማ ጠጉር ጋር አይለይም። ውድድር ሲቃረብ የትልልቅ ቤት አሽከሮች ማሰሮ ይዘው እየመጡ ይገዙኝ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልጠይቅም ነበር፤ አሁን ገባኝ። በዋዜማው የመጣው አንዱ ማሰሮውን እያስሞላ፣ «ለራስህም አስቀር እንጂ፣ አባ ወስፌ» አለኝ።

ሱቄ የተቀመጡት መርጌታም፣ «ቀባ አድርገው። ማን ያይሃል?» አሉኝ።

«ጸሐፊው በውሸት አስወጣኝ። እኔ በውሸት ከገባሁ ከእሱ በምን እለያለሁ?»

«ታዲያ ላትገባ ለምን ትሄዳለህ?»

የቀለሜን ማሰሮ ከድኜ ተነሳሁ።

በማግስቱ ከሁለቱ ምስክሮቼ ጋር ሄድኩ፤ ያው ጠረጴዛ፣ ያው ጸሐፊ። አጠገቡ ግን ፈረሶቹን የሚመረምሩ አንድ ባልደራስ ተቀምጠዋል፤ ዕድሜያቸውን በጌቶች ፈረስ ቤት የጨረሱ ሽማግሌ ናቸው። ጸሐፊው ሲያየኝ አወቀኝ።

«አምና ተነግሮህ የለም?»

«ተነግሮኛል። በሦስተኛው መስመር ነው ያልከኝ።» ወረቀቱን ከፊቱ አነሳሁና ጮክ ብዬ አነበብኩ። ቀስ ብዬ ነው ያነበብኩት፤ ፈጥኖ ማንበብ እስከ ዛሬም አልሆነልኝም። «ለፈረሶች የሚሆን ውሃ ከመግቢያው በስተግራ ይገኛል።»

ከተሰለፉት አሽከሮች አንዱ ሳል የመሰለ ነገር አሰማ።

ባልደራሱ ወደ ጸሐፊው ዞሩ። «ምን ብለህ ነው የመለስከው?»

«ጌታዬ፣ ያን ለት ሰው በዝቶ…»

«ውሃ ነው የጠየቀህ?»

የጸሐፊው ጆሮ ቀላ።

«ግባ፣ አንተ» አሉኝ ሽማግሌው። «ምስክርህን ይዘህ ግባ።»

«አልገባም» አልኩ። ወሎዬው ከኋላዬ ሲያጉረመርም ሰማሁት። የኮርቻውን ጠፍር ፈታሁና አወረድኩት። ነጩ ጠጉር ፀሐይ ላይ ወጣ። «አምስተኛው መስመር፣ ጌታዬ። የእኔ ፈረስ በእሱ ይወድቃል።»

ተነሥተው መጡ። ጠባሳውን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት፤ ፈረሱ አልሸሸም። ከዚያ መሬት ያኖርኩትን ኮርቻ ገልብጠው ጎድጓዳውን በእጃቸው ዳበሱት፣ ጀርባው ላይ አድርገው አዩት፣ እንደገና ገለበጡት።

«ማን ሰፋው?»

«እኔ።»

«ይህን ያህል ገጣባ የበላው ጀርባ ኮርቻ ሲችል አላየሁም» አሉ። ከአንገት በላይ የሚያመሰግኑ ሰው አይደሉም። ነጩን ጠጉር ጥቂት አይተው፣ ከኋላዬ የቆሙትን ፈረሶች ደግሞ አዩና፣ «እርጥብ ጨርቅ አምጡ» አሉ።

ተራ በተራ የየፈረሱን ጀርባ አሹ። የሁለቱ ጨርቁን አቀላው፤ ሁለቱም የትልቅ ሰው ፈረሶች ናቸው። አንዱን የያዘው በዋዜማው ማሰሮ ያስሞላው አሽከር ነበር። ዓይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም።

ባልደራሱ ጨርቁን አሸተቱ። «ይኼ የቆዳ ቀለም ነው።»

«ከእኔ ሱቅ ነው» አልኩ። «ሻጩ እኔ ነኝ። የቀቡት እነሱ ናቸው።»

አልተቆጡም። ጢማቸውን ጠረግ አድርገው ዞር አሉ፤ የሳቁ መሰለኝ።

ያልገቡት የሚመዘገቡበት ሌላ መዝገብ ነበር። ጸሐፊው ከፈተና ጻፈ። አጎንብሼ ከላይ አነበብኩት፦ «አንድ ፋቂ።»

«ኮርቻ ሰፊ ብለህ ጻፍ» አልኩት።

ባልደራሱን አየ። ባልደራሱ በዓይናቸው መዝገቡን አመለከቱት። ሰረዘና ጻፈ።

«የፈረስ ስም?» አለ ቀና ሳይል።

ሌላ ስም አስቤ አላውቅም ነበር። «አባ ወስፌ» አልኩ። ከሰልፉ ሳቅ ጠበቅሁ፤ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፣ ሌላው ተራውን እየፈራ ነበር። ምክንያቱን ሲጽፍ ፊደል በፊደል ተከተልኩት፦ ገጣባ። ትክክል ነው። ብዕሩን ተቀብዬ ስሜን በእጄ ፈረምኩ። ገጹ ላይ የመጀመሪያው እኔ ነኝ፤ ሁለቱ ትልልቅ ሰዎች ከእኔ በታች ተጻፉ።

ኮርቻውን ጭኜ ወደ አራዳ ተመለስኩ። ቁልቁለቱ አፍ ላይ ሥራ ፈቶቹ ፀሐይ ይሞቃሉ።

«እንዴት ሆነ፣ አባ ወስፌ? ገባህ?»

«አልገባሁም» አልኩ። «በአምስተኛው መስመር ነው።»