አሥራ አንድ ቀን ያልተጠረገ ቤት

አቧራ በስንት ቀን ይጠረጋል? በእኛ ቤት ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ አልነበረም። በደርግ ዘመን፣ አምቦ ውስጥ ወጣት አስተማሪ ሳለሁ፣ የእኔ መልስ ቅዳሜ ጠዋት የሚል ነበር፤ እሱም ካልደከመኝ ነው። ባለቤቴን ብትጠይቁት "ሰው ሊመጣ ሲል" ይላችኋል። አማቴ ግን በቀን ሦስት ጊዜ ይጠርጉ ነበር። ጠዋት፣ ከምሳ በኋላ፣ ማታ፤ ልክ ሐኪም እንዳዘዘው መድኃኒት።

ቤታችን ወደ ገበያ በሚወርድ የጠጠር መንገድ ዳር ነበር። በበጋ እህል የጫነ ኤንትሬ መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው ይነሣና አጥራችንን ተሻግሮ፣ በመስኮቱ ስንጥቅ ገብቶ ብፌው ላይ ያርፋል። ቤንዚን በኩፖን የሚታደልበት ጊዜ ስለነበር መኪና ድርሽ የማይልበት ቀን አይጠፋም። ያን ቀን ደግሞ የገበያ አህዮች ይተኩታል። እኔ ከአቧራው ጋር ከታረቅሁ ቆይቻለሁ። ጠርገውት ዞር ሳይሉ ለሚመለስ ነገር ወገብን ማጉበጥ ሞኝነት ይመስለኝ ነበር።

አማቴ ከጄልዱ ደጋ የመጡት የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩ ጊዜ ነው። ለአራስ ጥየቃ መጥተው ዓመት አለፋቸው፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። እሳቸው ባይኖሩ ሥራዬን መልቀቄ ነበር። ጠዋት ልጄን ጀርባቸው ላይ አሳዝያቸው ስወጣ ልቤ ሙሉ ነበር፤ ስመለስም ልጁ ጠግቦ፣ ታጥቦ፣ እየሳቀ ይጠብቀኛል። ባለቤቴ እናቱን በኦሮምኛ "አዮ" ስለሚላቸው እኔም አዮ እላቸዋለሁ። እሳቸው ደግሞ "ኢንተለ ኮ" ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። የወለደችኝ እናቴ እንኳን እንደዚያ አድርጋ አትጠራኝም።

ጄልዱ ብርድና ጭቃ እንጂ ይህን የመሰለ አቧራ የለም። ስለዚህ አዮ የአምቦን አቧራ እንደ ጠላት ነበር የያዙት። "ጭቃ ጨዋ ነው፣ በር ላይ ይቀራል። ይሄ አዋራ ግን ሳይጠሩት ገብቶ ከሰው በላይ ይቀመጣል" ይሉ ነበር። መጀመሪያ ረጅም እንጨት ላይ ጨርቅ አስረው የአቡጀዴ ኮርኒሱን ያራግፋሉ። ቀጥለው የፎቶግራፎቹን ጀርባ፣ ከዚያ ራዲዮኑን። የራዲዮኑን ዳንቴል ውጭ አውጥተው፣ ለነፋሱ ጀርባቸውን ሰጥተው ሲያራግፉት ያየ ሰው ትልቅ ጉዳይ የያዙ ይመስለዋል። ሲጨርሱ "በል አሁን ተንፍስ" ይሉታል ልጄን። ልጄም የገባው ይመስል ዝም ብሎ ያያቸዋል።

ይህ ሁሉ ያስቀኝ ነበር። ግን ቁጡ ነኝ፤ ዛሬም አልተሻለኝም። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የተማሪዎቼን የመንፈቅ ዓመት ውጤት ሮስተር ላይ ስገለብጥ ውዬ፣ ቀለሙ እስኪደርቅ ብዬ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ልጄን ላጠባ ጓዳ ገባሁ። ሰኞ ለርዕሰ መምህሩ ማስረከብ ነበረብኝ። ስመለስ አዮ እርጥብ ጨርቃቸውን ይዘው ከጠረጴዛው ፊት ቆመዋል። የስድሳ ተማሪ ውጤት ሰማያዊ ኩሬ ሆኗል። ወረቀቱም ላይ አቧራ አርፎበት ኖሯል፤ አዮ ደግሞ አቧራ አይተው አያልፉም።

ያኔ ያልኩትን ዛሬ ስጽፈው እንኳን ፊቴ ይግላል። "አዮ፣ ይሄ የእኔ ቤት ነው! መጥረግ ካማረዎት የራስዎ ቤት ጄልዱ አለልዎት!" አልኳቸው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አዮ ጨርቁን አጥበው፣ ጨምቀው፣ አጥሩ ላይ አሰጡት። ማታ ለልጃቸው "በጎቼ ናፈቁኝ፣ ልያቸው" አሉት። ባለቤቴ እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ከዚያ ራቱን አየ። በእናትና በሚስት መካከል የሚገባ ሰው እንዳልሆነ ከሠርጋችን ማግሥት ጀምሮ ነግሮኛል። እኔም ይቅርታ ለማለት ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቼ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ራት አወራሁ።

በማግሥቱ ቅዳሜ፣ ወደ ጄልዱ ከሚመለሱ የገበያ መኪኖች ባንዱ ተሳፈሩ። ጥቅልላቸውን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ልጄን ግንባሩን ሳሙት፣ እኔንም ጉንጬን ሳሙኝ። እንደ ወትሮው "ኢንተለ ኮ" ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ "ደኅና ሁኚ" ብቻ አሉኝ።

ቤት ስመለስ መኪናቸው ያስነሣው አቧራ ብፌው ላይ አርፎ ጠበቀኝ። ቅዳሜ ነው፣ የእኔ የመጥረጊያ ቀን። ጨርቁን ከአጥሩ ላይ አነሣሁና እጄ ቆመ። በአገራችን ሰው መንገድ የወጣ ዕለት ቤት አይጠረግም፤ ዱካውን መጥረግ ነው፣ መንገደኛው ሳይመለስ ይቀራል ይባላል። አዮ በዚህ ቀልድ አያውቁም ነበር። ልጃቸው ለመስክ ሥራ በወጣ ቁጥር፣ ደረሰ የሚል ወሬ እስኪሰሙ ድረስ ጨርቃቸውን አይነኩም። እኔ የተማርኩ ነኝና እስቅባቸው ነበር። ያን ቀን ግን አልሳቅሁም። ጨርቁን መልሼ ሰቀልኩት።

እሑድም አልጠረግሁም፣ ሰኞም። ስልክ የለ፣ ደብዳቤ የለ፤ ማን ደረሱ ብሎ ይነግረኛል? ልጄን ለጎረቤት እየተውኩ ሥራ እሄዳለሁ፣ ጡቴ እየፈሰሰ እመለሳለሁ። ልጁ የሚተኛበትን ጥግና ዕቃውን በየቀኑ አጥብ ነበር፤ ያን ያህልስ አላበድኩም። ሌላውን ግን ተውኩት። በአራተኛው ቀን ብፌው ቀለሙን ለወጠ። ባለቤቴ "አዮ ባዩን!" ብሎ በጣቱ ጻፈበት። ለምን እንደማልጠርግ ስነግረው ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን አቆመና "እንግዲያው እኔም አልነካውም" አለኝ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ከጄልዱ ድንች ይዘው የሚመጡ፣ የባለቤቴ ዘመድ የሆኑ አንዲት ሴትዮ እንደ ልማዳቸው ውሃ ሊጠጡ ጎራ አሉ። አጥሩ በር ላይ ውሃ ሰጥቼ ልሸኛቸው እችል ነበር። እኔ ግን ወደ ሳሎን አስገባኋቸው። ሆን ብዬ ነው። ሴትዮዋ ኮርኒሱን፣ ራዲዮኑን፣ ዳንቴሉን አዩና ውሃውን ሳይጠጡ ቀሩ።

"ዋቃዮ! ምን ሆናችኋል? ታመሻል እንዴ?"

"ደኅና ነን" አልኳቸው።

"ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?"

"አቧራ ነው" አልኩ፤ ሌላ አንድም ቃል አልጨመርኩም፣ አዮ ደረሱ ወይ ብዬም አልጠየቅሁም። ሴትዮዋ ወሬ ይዘው የሚያድሩ ሰው እንዳልሆኑ ጄልዱ ሁሉ ያውቃል። ሲወጡ እርምጃቸውን አይቼ፣ ወሬው ዛሬውኑ እንደሚደርስ ገባኝ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ተመልሼ፣ ልጄን ከጎረቤት ተቀብዬ ጓዳ አስተኝቼ፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ አንድ የጭነት መኪና ደጃችን ቆመ። አዮ ከጋቢናው ወረዱ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ በቀጥታ ገቡ። ሳሎኑ መካከል ቆመው ዙሪያውን አዩ። ባለቤቴ ብፌው ላይ የጻፈው ራሱ አቧራ ለብሶ ደብዝዞ ነበር። እሳቸው ተቆጥተው ልጄን ይዘውት ቢሄዱ እንኳን አልፈርድባቸውም ነበር።

"ስንት ቀን ነው ይሄ?" አሉኝ።

"አሥራ አንድ ጊዜ መሽቷል አዮ።"

"እኔ በቀን ሦስት ጊዜ እየጠረግሁ ያሳየሁሽ ለዚህ ነው?"

"ሰው መንገድ ወጥቶ ሳይደርስ ቤት አይጠረግም ያሉኝ እርስዎ ነዎት።"

ትክ ብለው አዩኝ። "እኔ እኮ በሄድኩበት ቀን ማታውኑ ደርሻለሁ። ቤቴ ገብቼ፣ እሳቴን አንድጄ፣ በጎቼን ቆጥሬ ነው የተኛሁት።"

መናገር ፈለግሁ፣ እንባዬ ቀደመኝ። "ያን ቀን ቤትዎ ጄልዱ ነው ያልኩት ውሸት ነው። ይቅር ይበሉኝ። እጄ ጨርቁን እንዴት ይንካው? ዱካዎን ጠርጌ ቢቀሩብኝስ?"

ልጄ ከጓዳ ድምፃቸውን ሰምቶ መጮህ ጀመረ። አዮ ጥቅልላቸውን ወለሉ ላይ አስቀመጡ፤ አቧራው ቡን አለ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሸነፈጡ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

"በይ ኢንተለ ኮ፣ ደርሻለሁ" አሉኝ። "ውሃና ጨርቅ አምጪ።"