ማልያውን አምጣ

ኮሌጃችን ዋንጫ ባነሳበት ዓመት አጥቂው እኔ ነበርኩ። በኬንያ በኩል ያለው የሞያሌ ሜዳ ሣር የለውም፤ ቀይ አቧራና ጠጠር ነው፤ የወደቀ ሰው ቆዳውን ትቶ ይነሳል። አሰልጣኛችንን ሁላችንም በስዋሂሊ ሙዋሊሙ፣ መምህር፣ ነበር የምንለው። ከድንበሩ ወዲያ ሲነግድ የለመደውን አማርኛ እኔን ለመስደብ ያውለዋል። ቢሆንም እወደው ነበር። ጎል ሳገባ ማጅራቴን ይዞ ሲነቀንቀኝ የዚያን ቀን ምግብ እንኳ አያምረኝም።

በግማሽ ፍጻሜው አንድ ተከላካይ ከጎን ገባብኝ። ጉልበቴ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ሙዋሊሙ ሜዳ ገብቶ በላዬ ቆመ።

«ተነስ።»

«ሙዋሊሙ፣ እግሬ አልቆም አለኝ።»

«እዚህ የአባትህ ሆቴል አይደለም። ተነስ።»

ልጆቹ ጉልበቴ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሰው በጨርቅ ጥፍር አድርገው አሰሩት። እያነከስኩ ቀጠልኩ። ሊያልቅ ሲል ኳሷ ከፊቴ ወደቀች፤ በዚያው እግር መታኋት፤ ገባች። ልጆቹ እየጮኹ ላዬ ላይ ተከመሩ። እኔም ከሥራቸው ሆኜ ጮህኩ፤ ደስታ መሰላቸው።

ፍጻሜው ማርሳቢት ነበር። በዚያን ቀን ጠዋት፣ ጉልበቴ እንደ ቅል አብጦ፣ ማልያዬን ለብሼ በቦዳ ሞተር ሳይክል ኮሌጁ በር ደረስኩ። ሙዋሊሙ አውቶቡሱ ደጃፍ ላይ ቆሟል።

«ወንበሩ ለሚጫወት ነው» አለኝ። «ማልያውን ግን አምጣ።»

እዚያው አውልቄ በካናቴራ ቀረሁ። ከልጅነታችን ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጥን ጓደኛዬ ማልያውን በመስኮት ተቀበለኝ። አሸተተና አፍንጫውን ያዘ። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ፤ እየሳቁም ሄዱ።

ለአባቴ ይህን አልነገርኩትም፤ ሐኪም እረፍት አዞልኛል ነው ያልኩት። ስለዚህ ማሸነፋቸውን ሲሰማ ፍየል አርዶ በሆቴሉ ጠበቃቸው። ጥሩምባ እየነፉ መጡ። ሰሃን የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። ጓደኛዬ ማልያዬን እንደለበሰ «አዋዜ ጨምርልኝ» አለኝ፤ ቀና ብሎ አላየኝም።

ሙዋሊሙ እጁን ታጥቦ ወደ አባቴ ዞረ።

«ጋሼ፣ ልጅዎ ጎበዝ ነበር። ፈሪ መሆኑ ነው እንጂ። ትንሽ ሲያመው እጁን ይሰጣል።»

አባቴ አየኝ። ሰሃኖቹን እንደያዝኩ አንድ ነገር እስኪል ጠበቅሁ።

«እሱ ድሮም እንደዚያ ነው» አለና አብሯቸው ሳቀ።

ከወራት በኋላ ናይሮቢ ያየኝ ሐኪም ጅማቱ ተበጥሶ እንደነበር፣ በተበጠሰ ጅማት መሮጤ ደግሞ የቀረውን እንደጨረሰው ነገረኝ። ዳግመኛ እንደማልጫወትም አልደበቀኝም። ይህን ለአባቴ ስነግረው አዳመጠኝና ደንበኛ ሊያስተናግድ ተነሳ።

በሚቀጥለው ዓመት ልምምድ ሲጀመር ሙዋሊሙ የቡድኑን ልብስ እንዳጥብ ሰው ላከብኝ።

«እንኳን አልረሱህ» አለ አባቴ። «ሂድ።»

ሄድኩ። ከሜዳው ዳር ቁጢጥ ብዬ፣ እነሱ ሲሮጡ ከወዲህ ስፈትግ ሰነበትኩ። አንድ ቀን ግን ልብሱን እንደተዘፈዘፈ ትቼው ወደ ቤት ሄድኩ። ለምን ቀረህ ብሎ የጠየቀኝ የለም። በማግስቱ ሌላ ሰው ያጥብ ነበር።